ከጉባ የሚወጣው ኃይልና ሕግ ያልደረሰበት ሀብት

አሶሳ ውስጥ ወርቅ ይዞ የተገኘ ሰው ይጠየቃል። ከየት አወጣኸው? ከማን ገዛኸው? ፈቃድህ የታለ? ባህላዊ አምራቹ ፈቃዱን የሚያወጣው ከክልሉ ነው፤ ወርቁ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ፣ ተመዝኖና ጥራቱ ተለክቶ መጨረሻ ላይ የሚገባው ብሔራዊ ባንክ ነው። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ገበያ፣ አንድ ወጣት ያንኑ ያህል ዋጋ ያለው ዩኤስዲቲ፣ ማለትም ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ክሪፕቶ፣ በስልኩ ይዞ ቢያልፍ ግን የሚያስቆመው የለም። የሚያስቆመው ቢገኝ እንኳ ወጣቱ የያዘው ነገር በሕግ ዓይን ምን እንደሆነ ለመናገር ይቸገራል። ገንዘብ ነው? ዕቃ ነው? የውጭ ምንዛሪ ነው? ወይስ ምንም አይደለም?

ይህ ጥያቄ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ይልቅ ክብደት አለው። ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ ቢትኮይን የሚያመርቱ መሣሪያዎች የሚበሉት ኤሌክትሪክ የሚመጣው ከብሔራዊ መረቡ ነው፤ የመረቡ ትልቁ ምንጭ ደግሞ መተከል ዞን፣ ጉባ ላይ የተገነባው የዓባይ ግድብ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጣለ፤ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ሰጠ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በ13 ተርባይኖችና በ5,150 ሜጋ ዋት አቅም ተመረቀ። ኃይሉ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ አድርጎ ሆለታ ይደርሳል፣ ከዚያም ይበተናል።

መንግሥት በክሪፕቶ ላይ ያለው አቋም ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሁለት መልስ ያገኛል፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መግለጫ የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር ብቻ መሆኑን አስታውሶ፣ ቢትኮይንና መሰሎቹን ለክፍያ መጠቀም ሕገ ወጥ ነው፣ ሲፈጸም ያየ ይጠቁም አለ። ብዙ ሳይቆይ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በክሪፕቶ ዝውውርና በማይኒንግ፣ ማለትም ክሪፕቶን በማምረት፣ የተሰማሩ ሁሉ ቀርበው እንዲመዘገቡ ጠራ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ደግሞ ከማይኒንግ ኩባንያዎች ጋር ውል መፈራረሙን ቀጠለ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ የወጡ ዘገባዎች ውል የያዙትን 21 ያደርሷቸዋል፤ ከሁለቱ በቀር ሁሉም ከቻይና ጋር የተያያዙ ናቸው። ዋጋው ከማከፋፈያ ጣቢያ ላይ በኪሎ ዋት ሰዓት 3 ነጥብ 14 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት የካቲት ወር የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ፣ መሥሪያ ቤቱ ሆንግ ኮንግ ከሆነው የዌስት ዳታ ግሩፕ እህት ድርጅት ጋር ለዳታ ማይኒንግና ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠልጠኛ የ250 ሚሊዮን ዶላር የመግባቢያ ሰነድ ፈረመ።

አንዱ መሥሪያ ቤት አትንኩት ይላል፣ ሌላው ተመዝገቡ ይላል፣ ሦስተኛው መብራት ይሸጣል። ብዙ ሰው ይህን የመሥሪያ ቤቶች አለመነጋገር አድርጎ ያየዋል። እኔ እንዲያ አላየውም። ሦስቱም ጉዳዩን የሚያዩት በአንድ መስፈርት ነው፦ ዶላሩ ወዴት ይሄዳል? ኩባንያው የመብራት ሒሳቡን የሚከፍለው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ስለዚህ ዶላር ይገባል። ግለሰቡ ብሩን በዩኤስዲቲ ሲቀይር ግን ወደ ባንክ ይመጣ የነበረ ዶላር ውጭ ይቀራል። የኢትዮጵያ ሕግ እስካሁን የተመለከተው ይህን ፍሰት ነው። የሚፈሰው ነገር ራሱ ምን እንደሆነ አልጠየቀም።

ማይኒንጉ እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልግለጸው። በመላው ዓለም ያሉ መሣሪያዎች አንድን የቁጥር እንቆቅልሽ በግምት ለመፍታት ይሽቀዳደማሉ። በአማካይ በየ10 ደቂቃው አንዱ ይሳካለታል፤ ያሸነፈው አዲሱን የግብይት ገጽ በመዝገቡ ላይ ይጽፋል፣ በሽልማትም ቢትኮይን ያገኛል። ሽልማቱ በየአራት ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ወዲህ 3 ነጥብ 125 ቢትኮይን ነው። መሣሪያው ዕረፍት አያውቅም። ቀንና ሌሊት በአስደናቂ ፍጥነት ያሰላል፣ ይግላል፣ ማራገቢያው ይጮኻል። ስለዚህ የሚመኘው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ርካሽ መብራት፣ የማይቋረጥ መብራት፣ ቀዝቀዝ ያለ አየር። የኢትዮጵያ ደጋ የመጨረሻውን በነፃ ይሰጣል።

ለኤሌክትሪክ ኃይልም ነገሩ ያዋጣል። ግድቡ ኃይል ማመንጨት ከጀመረ በኋላም ማከፋፈያ መስመሩ ያልደረሰው ሕዝብ ቁጥሩ ብዙ ነው፤ ከአገሪቱ ነዋሪ ግማሽ ገደማው መብራት የለውም። ለአንድ ገጠር ቀበሌ መብራት ለማድረስ ምሰሶ፣ ሽቦ፣ ትራንስፎርመር፣ ቆጣሪ ያስፈልጋል። ለማይኒንግ ኩባንያ ግን ማከፋፈያ ጣቢያው አጠገብ ኮንቴይነሮቹን ደርድሮ መሰካት ይበቃል። ኃይልን ለጅቡቲ፣ ለሱዳን ወይም ለኬንያ ለመሸጥ ድንበር የሚሻገር መስመር መዘርጋት ግድ ነው፤ እዚህ ግን ኃይሉ ከአገር ሳይወጣ ዶላሩ ይገባል። ከዶላሩ ፍሰት አንጻር ካየነው ይህ ያለ መስመር የሚካሄድ የኃይል ኤክስፖርት ነው።

እንዲህ ማምረቱን ፈቅዶ መገበያየቱን መከልከል የእኛ ብቻ ፈሊጥ አይደለም። ሩሲያ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በአገር ውስጥ በክሪፕቶ መክፈልን ከልክላ፣ በ2024 ደግሞ ማይኒንግን በሕግ ፈቀደች፤ ማዕቀብ የበዛበት የውጭ ንግዷ መውጫ ፈልጎ ነበር። ኢራን በ2019 ማይኒንግን እንደ ኢንዱስትሪ ቆጥራ ፈቃድ መስጠት ጀመረች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በግንቦት 2021፣ ከተሞቿ መብራት ሲያጡ ማይኒንጉን ለአራት ወር ዘጋች። ካዛክስታንም ከቻይና የተሰደዱትን መሣሪያዎች ተቀብላ ክረምት ሲመጣ ኃይል አጥሯት በጥር 2022 ቆረጠችባቸው።

የእነዚህ መሣሪያዎች ስደት የጀመረው ከቻይና ነው። ቤጂንግ በ2021 ጸደይ ማይኒንጉን፣ በዚያው ዓመት መስከረም ደግሞ ማንኛውንም የክሪፕቶ ንግድ ከለከለች። የመስከረሙ ማስታወቂያ የሚገርም አንድ ሐሳብ ይዟል፦ ከክልከላው ጋር የሚጋጭ ውል ውጤት የለውም፣ የደረሰው ኪሳራም የባለቤቱ የራሱ ነው። ማለትም የቻይና ሕግ ፍርድ ቤቱን ራሱ ለተከራካሪው ዘጋበት። ይህን ያነሳሁት ወደ አሶሳ የሚመልሰን ስለሆነ ነው።

አሶሳ ላይ በቴሌግራም ቡድን ውስጥ የተገናኙ ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። ገዢው ብሩን በቴሌብር ላከ፤ ደረሰኙን በስክሪን ሾት አስቀመጠ። ሻጩ ዩኤስዲቲውን ሳይለቅ ስልኩን ዘጋ። ገዢው ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ዳኛው ምን ያድርግ?

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሕገ ወጥ ነገርን የያዘ ውል ፈራሽ ነው ይላል። ስለዚህ ዳኛው የብሔራዊ ባንክን መግለጫ ይዞ ውሉን ፈራሽ ሊለው ይችላል። ግን እዚያ ላይ አያበቃም። ውል ሲፈርስ ተዋዋዮቹ ወደ ነበሩበት ይመለሱ የሚል ድንጋጌም አለ፤ ያለ አግባብ መበልፀግን የሚመለከት ክፍልም አለ። በእኔ ግምት ገዢው ዩኤስዲቲውን ባያገኝም የላከውን ብር ማስመለስ ይችላል፤ ብሩ ሕጋዊ ገንዘብ መሆኑን ማንም አይክድም፣ ደረሰኙም ቴሌብር ውስጥ ተቀምጧል። ከቻይናው ዳኛ ይልቅ የአሶሳው ዳኛ እጁ ሰፊ ነው ማለት ነው።

ችግሩ የሚከፋው ነገሩ ሲገለበጥ ነው። ሻጩ ዩኤስዲቲውን ልኮ ብሩን ቢያጣስ? አሁን ዳኛው የተወሰደውን ነገር ምንነት ሳይወስን ማለፍ አይችልም። ንብረት ካልሆነ የተወሰደ ነገር የለም።

ይህን ጥያቄ የዓለም ፍርድ ቤቶች በተለያየ መንገድ መልሰውታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ማውንት ጎክስ የተባለው የቶኪዮ የቢትኮይን መገበያያ ሲከስር አንድ ደንበኛ ቢትኮይኔ የራሴ ንብረት ነውና ከከሰረው ድርጅት ሀብት ተለይቶ ይመለስልኝ ብሎ ከሰሰ። የቶኪዮ ወረዳ ፍርድ ቤት ነሐሴ 2015 ክሱን ውድቅ አደረገ። ምክንያቱ ቀላል ነበር፦ የጃፓን የፍትሐ ብሔር ሕግ ነገር ማለት የሚዳሰስ ነው ይላል፤ ቢትኮይን አይዳሰስም፤ የባለቤትነት መብት ሊያርፍበት አይችልም። ጃፓን ለወደፊቱ በአስተዳደር ሕግ መለሰችው፦ ከሚያዝያ 2017 ጀምሮ መገበያያዎች ተመዝግበው የደንበኛን ሀብት ለይተው እንዲይዙ አዘዘች። ያ ደንበኛ ግን ዘገየበት።

ለንደን ላይ መልሱ ሌላ ሆነ። በ2019 አንድ የካናዳ መድን ድርጅት ኮምፒውተሮቹ በጠላፊዎች ተቆልፈውበት 950,000 ዶላር በቢትኮይን ከፈለ። ክፍያውን የሸፈነው የእንግሊዝ መድን ሰጪ የገንዘቡን ጉዞ ተከታትሎ 96 ቢትኮይን አንድ መገበያያ ላይ አገኘና እግድ ጠየቀ። ከሳሹ እግዱን የሚያገኘው ቢትኮይን ንብረት ከሆነ ብቻ ነበር። የእንግሊዝ ሕግ ደግሞ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተንቀሳቃሽ ንብረትን ሁለት ዓይነት ብቻ አድርጎ ያያል፦ በእጅ የሚያዝ ዕቃ ወይም በክስ የሚጠየቅ መብት። ቢትኮይን ከሁለቱም አይደለም። ዳኛው ግን ሁለት ሳጥን አለ ማለት ሦስተኛ የለም ማለት አይደለም ብሎ ንብረት ነው አለ። በታኅሣሥ 2025 የአገሪቱ ፓርላማ ያንን ሐሳብ በአጭር አዋጅ አጸናው።

እኛስ? የሕጋችን መጽሐፍ ያልተጠበቀ ነገር የያዘው እዚህ ላይ ነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ንብረትን አስቀድሞ የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ብሎ ይከፍላል። ከዚያ በአንቀጽ 1129 ላይ፣ ሰው የገራቸውና ለጥቅም ያዋላቸው ዋጋ ያላቸው የተፈጥሮ ኃይሎች፣ እንደ ኤሌክትሪክ ያሉት፣ ግዙፍነት ባላቸው ተንቀሳቃሽ ዕቃዎች ሕግ ይገዛሉ ይላል።

ይህ አንቀጽ ለጌጥ የገባ አይደለም። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1899 ከሌላ ሰው መስመር ኤሌክትሪክ የቀጠለ ሰው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ሌባ አይደለህም ተብሏል፤ ኤሌክትሪክ ዕቃ ስላልሆነ ሊሰረቅ አይችልም ተብሎ። በሚቀጥለው ዓመት ልዩ ሕግ ወጣ። የኢትዮጵያ ሕግ አርቃቂዎች ያንን ጣጣ አስቀድመው ዘጉት። የሚገርመው አጋጣሚ፣ ሕጉ በወጣባቸው በእነዚያ ዓመታት የአሜሪካ የውኃ ሀብት ቢሮ ባለሙያዎች የዓባይን ሸለቆ እያጠኑ ነበር፤ ዛሬ ግድቡ የቆመበት የድንበር አካባቢም ከመረጧቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ኤሌክትሪኩ ገና ሳይመነጭ ሕጉ ይጠብቀው ነበር።

ስለዚህ አሁን ያለንበት ሁኔታ ይህ ነው፦ ወደ መሣሪያው የሚገባው ኤሌክትሪክ በሕጋችን ንብረት ነው፣ ይሰረቃል፣ ይሸጣል፣ ይያዛል። ከመሣሪያው የሚወጣው ነገር ግን ስም የለውም። አንድ ጎበዝ ጠበቃ አንቀጽ 1129ን ይዞ ቢትኮይንም በሰው የተገራ ዋጋ ያለው ነገር ነው ብሎ ሊከራከር ይችላል። ቢትኮይን የተፈጥሮ ኃይል አይደለም፤ ክርክሩ እስከ መጨረሻው አያደርስም። ግን መንፈሱ ይረዳል፦ ሕጉ አንድን ነገር ንብረት የሚያደርገው መዳሰሱ ብቻ ሳይሆን ዋጋ ያለውና በሰው ቁጥጥር ሥር የዋለ መሆኑም ነው ብሎ ያስባል። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ እንዲህ ማመሳሰል ይቻላል።

በወንጀል ጉዳይ ግን ማመሳሰል ክልክል ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ገና በሁለተኛው አንቀጹ ይከለክለዋል። ያው ሕግ ወርቅን፣ ገንዘብንና የውጭ ምንዛሪን በሕገ ወጥ መንገድ ማዘዋወርን በአንድ ድንጋጌ ሥር አስቀምጧል። ዩኤስዲቲ ዋጋው ከዶላር ጋር ቢታሰርም ራሱ ዶላር አይደለም፤ አንድ የግል ድርጅት የሚያወጣው ምልክት ነው። ለክፍያ መጠቀምን መከልከል አንድ ነገር ነው፤ ይዞ መገኘትን እንደ ውጭ ምንዛሪ ቆጥሮ ማሠር ሌላ ነገር ነው። ዐቃቤ ሕግ ይህን ድልድይ በሕግ ሳይሠራለት ቢሻገር ጉዳዩ ይግባኝ ላይ ሊወድቅበት ይችላል።

በአሶሳ ሌላም ፍርድ ቤት አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኙ ይፈቅዳል፤ በርካታ የበርታ ቤተሰቦች የውርስ ጉዳያቸውን ለሸሪዓ ዳኛ ያቀርባሉ። ሟች የተወው ቤት፣ ከብትና ስልክ ውስጥ ያለ ዩኤስዲቲ ቢሆን፣ ሦስተኛው ይከፋፈላል ወይስ አይከፋፈልም? የግብፅ ዳሩል ኢፍታ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ቢትኮይንን መገበያየት አይፈቀድም አለ፤ የኋላ ዋስ የሆነ መንግሥት የለውም፣ ማታለል ይበዛበታል ብሎ። የኢንዶኔዥያ ዑለማዎች ምክር ቤት ደግሞ በኅዳር 2021 ከፋፍሎ መለሰ፦ እንደ ገንዘብ ሐራም ነው፤ መስፈርቱን አሟልቶ መሠረት ያለው ሸቀጥ ከሆነ ግን ሊሸጥ ይችላል። የኢንዶኔዥያው አመለካከት ከብሔራዊ ባንክ መግለጫ ጋር ሳይጋጭ ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል፦ ገንዘብ አይደለም፣ ሀብት ግን ሊሆን ይችላል። ለወራሾች የሚጠቅመው ይህኛው ነው። ያም ሆኖ ሟች የይለፍ ቃሉን ለማንም ካልነገረ ዳኛው የቱንም ቢወስን የሚከፋፈል ነገር አይኖርም።

ፈቃድ ስለሚሰጡት አገሮች ብዙ ተጽፏልና ባጭሩ ልለፈው። የአውሮፓ ኅብረት ሚካ የተባለውን ደንብ ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ አውሎ 27ቱን አገሮች በአንድ ፈቃድ አሰባስቧል። አሜሪካ ለረጅም ዓመታት አዲስ ሕግ ሳታወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 በፍሎሪዳ የብርቱካን እርሻ ክርክር ላይ የተሰጠ ፍርድን እየመነዘረች የትኛው ሳንቲም አክሲዮን መሰል ነው ስትል ቆይታ፣ በሐምሌ 2025 ለስቴብልኮይን ብቻ፣ ማለትም እንደ ዩኤስዲቲ ዋጋው ለታሰረ ክሪፕቶ፣ ሕግ አወጣች። ኤል ሳልቫዶር በ2021 ቢትኮይንን ሕጋዊ ገንዘብ አድርጋ፣ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ብድር ስትፈልግ በ2025 ግዴታውን አነሳች። ጎረቤታችን ኬንያ በጥቅምት 2025 የቨርቹዋል ሀብት አገልግሎት ሰጪዎችን ሕግ አጽድቃ ቁጥጥሩን ለማዕከላዊ ባንኳና ለካፒታል ገበያ ባለሥልጣኗ አከፋፈለች።

ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው ትምህርት ግን የናይጄሪያ ነው። ማዕከላዊ ባንኳ በየካቲት 2021 ባንኮች ከክሪፕቶ ጋር እንዳይነካኩ አዘዘ። ንግዱ አልቆመም፤ ከባንክ ወጥቶ ሰው ለሰው ሆነ። በታኅሣሥ 2023 ትእዛዙ ተነሳ። በ2025 ደግሞ የናይጄሪያ ሕግ ክሪፕቶን እንደ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ አወቀው። የከለከሉት ነገር ሲያድግ አይተው ነው የተመለሱት።

እዚህ ላይ ከአሶሳ ወርቅ የምንማረው አለ። ይህ ምድር በወርቁ ከጥንትም የታወቀ ነው፤ የግብፁ መሐመድ ዓሊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሱዳንን ሲወር ዓይኑን ከጣለባቸው ነገሮች አንዱ የቤኒሻንጉል ወርቅ ነበር፤ የአካባቢው ገዢ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰንም ለምኒልክ ግብር ይከፍሉ የነበረው በወርቅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው። በዘመናችንም የወርቅ ሕግ ጥብቅ ሆኖ ሳለ ወርቁ ይጠፋ ነበር። የባንክ ዶላርና የጥቁር ገበያ ዶላር ሲራራቁ ወርቁ በኮንትሮባንድ ወደ ሱዳን ይሻገራል፤ ብሔራዊ ባንክ ከዓለም ዋጋ በላይ ማበረታቻ ሲጨምር ጥቂት ይመለሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ለባንኩ የሚቀርበው ወርቅ በአንዴ ተትረፈረፈ፤ በ2017 በጀት ዓመት ከወርቅ የተገኘው ገቢ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። አዲስ ፖሊስ አልተቀጠረም። ዋጋው ነው የተስተካከለው።

ዩኤስዲቲም የሚታዘዘው ለዚሁ ሕግ ነው። ቼይናሊሲስ የተባለው የብሎክቼይን መረጃ ተንታኝ ድርጅት በ2024 ባወጣው ዘገባ በግለሰብ ደረጃ በሚደረግ የስቴብልኮይን ዝውውር ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች በፍጥነት ከሚያድጉት ቀዳሚ ናት ብሎ ዓመታዊ እድገቱን 180 በመቶ አድርጎታል። በዚያው ክረምት ብዙ ወጣት ስልኩ ላይ ሀምስተር ኮምባት የተባለውን የቴሌግራም ጨዋታ ሲነካካ የነበረውን አስታውሱ፤ ብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የክሪፕቶ ቦርሳ የከፈቱት ያኔ ነው። ያ ወጣት ዩኤስዲቲ የሚይዘው በክሪፕቶ አምኖ አይደለም። ዕቃ ከዱባይ ለማስመጣት፣ ውጭ ያለ ወንድሙ የላከለትን በተሻለ ዋጋ ለመመንዘር፣ ወይም ብሩ ዋጋ እንዳያጣበት ነው። በባንክና በገበያ መካከል ያለው ልዩነት እስካልጠበበ ድረስ መግለጫ ይህን ፍላጎት አያጠፋውም፤ ወርቁ ላይ አላጠፋውም።

ስለ ብሎክቼይን ራሱ፣ ማለትም ሳንቲም ሳይኖርበት ስለ መዝገብነቱ፣ ብዙ ማለት አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 የትምህርት ሚኒስቴርና ካርዳኖ የተባለውን ብሎክቼይን የሚያበለጽገው ድርጅት የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት በብሎክቼይን ለመመዝገብ መስማማታቸው ሲነገር ዓለም አጨብጭቦ ነበር። ሕጋችን ለዚህ ዓይነቱ አገልግሎት በሩ ክፍት ነው፦ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ በ2010 ዓ.ም.፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ በ2012 ዓ.ም. ወጥተዋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ግን ጥያቄ ያስከትላል፤ ሰው የግል መረጃዬ ይታረም ወይም ይሰረዝ የማለት መብት አለው፣ ብሎክቼይን ደግሞ የሚመካው የተጻፈበት አይሰረዝም በማለቱ ነው። የተማሪ ስምና ውጤት እዚያ ላይ ከመጻፉ በፊት ይህ መታሰብ አለበት።

ቀሪው ጥያቄ የክልሉ ነው። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ኃይል ዋና ሥራ አስፈጻሚ አሸብር ባልቻ፣ ለዳታ ማይኒንግ፣ ማለትም ለክሪፕቶ አምራቾች፣ የሚሰጠው አዲስ ኃይል መቆሙን አስታወቁ፤ ለዘርፉ የተመደበው አቅም አልቋል። ያሉት ግን ይሠራሉ፣ ዶላሩም ይገባል። ከዚህ ገቢ አሶሳ ምን ታገኛለች?

መልሱ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ነው። አንቀጽ 98 የፌዴራል መንግሥትና ክልሎች በጋራ ከሚሰበስቡት መካከል ከከፍተኛ የማዕድን ሥራዎችና ከነዳጅና ጋዝ የሚገኝ ግብርና የሮያሊቲ ክፍያን ይጠቅሳል። ስለዚህ ኩርሙክ ላይ የሚገነባው ትልቁ የወርቅ ማምረቻ ወርቅ ማውጣት ሲጀምር ክልሉ ድርሻው በሕግ የታወቀ ነው። ከአንድ ክልል በላይ የሚያቋርጥ ወይም ድንበር የሚሻገር ወንዝ ግን በአንቀጽ 51 መሠረት የፌዴራል ነው፤ ከውኃ ኃይል ስለሚገኝ ሮያሊቲ አንቀጽ 98 አንድም ቃል አይናገርም። መተከል ውስጥ ከመሬት የሚወጣ ወርቅ ለክልሉ ድርሻ ያስገኛል፤ መተከል ውስጥ ከውኃ ተመንጭቶ ሌላ ቦታ ወደ ቢትኮይን የሚለወጠው ኃይል ግን አያስገኝም። ለግድቡ ሐይቅ መሬታቸውን ለቀው የተነሱት ግን የጉባና የወንበራ ነዋሪዎች ናቸው።

ይህን ለማስተካከል ሕገ መንግሥት ማሻሻል ላያስፈልግ ይችላል። አንቀጽ 99 በሕገ መንግሥቱ ለማንም ተለይቶ ያልተሰጠ የግብር ሥልጣን ሲያጋጥም፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤትና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲወስኑ ያዛል። ክሪፕቶ ማምረትን የሚመለከት ልዩ ግብር ቢታሰብ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ይኸው ነው፦ የድርጅት ገቢ ግብር ብቻ ነው ወይስ ያልተመደበ አዲስ ዓይነት? ሁለተኛው ከሆነ ጉዳዩ በብሔራዊ ባንክ መግለጫም በኤሌክትሪክ ውልም አይወሰንም፤ የሚወሰነው በጋራ ስብሰባው ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ ለእያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ወንበር ይሰጣል፤ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ እዚያ ድምፅ አላቸው።